ሳልመን፣ ሩዝ፣ ጎመን፦ ለግቢው ሁሉ የሚሆን ጥቅል

ጅማ ውስጥ ጎረቤቶቹን ምሳ ሊጠራ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ስጋ ነው። በግ ይሁን በሬ አይደለም ጥያቄው። ማን ይረደው ነው።

እኛ ሰፈር ግቢዎቹ ተያይዘው ነው የተሠሩት። በአንዱ በኩል መስጊድ የሚሄዱ፣ በሌላው በኩል ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ ከኋላ ደግሞ እሁድ ጠዋት መዝሙራቸው እስከ እኛ ጓዳ የሚሰማ ጴንጤዎች አሉ። ቡና አብረን እንጠጣለን። ልቅሶ አብረን እንቀመጣለን። ዕድሩም አንድ ነው። ልጆቹማ የት ቤት በልተው እንደመጡ እናቶቻቸው ራሳቸው ሁልጊዜ አያውቁም። ስጋ ሲመጣ ግን ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን ነው የሚበላው። ሠርግ ላይ ለየብቻ ይበሰላል፣ ለየብቻ ይቀርባል። በዓል ሲሆን ደግሞ አንዱ ለሌላው ብሎ ዶሮውን በጎረቤቱ እጅ ያሳርዳል፣ ድስቱንም ይለያል። ይሄ ጠብ አይደለም፣ እንዲያውም መከባበር ነው። እናቴ ለሙስሊም እንግዳ ብላ የምታስቀምጠው የተለየ ድስት ነበራት፤ ያን ድስት ለሌላ ነገር ያነሳ ሰው ከእሷ ጋር ብዙ ያወራ ነበር።

ግን እኔ ሁልጊዜ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። አንድ ትሪ። ሁሉም እጁን የሚሰድበት፣ "ይሄ የናንተ ነው፣ ያኛው የኛ ነው" የማይባልበት ትሪ። ሽሮና አትክልት አለ እርግጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያዳነን እሱ ነው። እንግዳ ተጠርቶ ግን "ሽሮ ሠራሁላችሁ" ማለት ለብዙ የጅማ እናቶች የሚዋጥ አይደለም።

አሳ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። አሳ እርድ የለውም። በስመ አብ ተብሎ ነው ወይስ ቢስሚላሂ ተብሎ ነው የሚል ጥያቄ አይነሳበትም። በእስልምና የባሕር አደን የተፈቀደ መሆኑ ቁርኣን ውስጥ ተጽፏል፣ ሱረቱል ማኢዳ ላይ። በኦርቶዶክሱም ወገን አሳ ማን አጠመደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ክንፍና ቅርፊት የሌለው አሳ አይበላም ስለሚል፣ ይህን የሚጠብቁ ሰዎች አምባዛ አይበሉም፤ አምባዛ ቅርፊት የለውማ። ቆሮሶ ቅርፊት አለው። ሳልመንም አለው። ስለዚህ ሳልመን በጉራጌውም በኦሮሞውም በአማራውም፣ በሁሉም እምነት በር ሳይንኳኳ የሚገባ አሳ ነው ማለት ነው።

በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። የሚበሉ አሉ፣ የማይበሉ አሉ። እኔ ያደግሁት በማይበሉት ቤት ነው፤ ስለዚህ ረቡዕን፣ ዓርብንና ትልልቆቹን አጽዋማት ትቼ ነው ቀን የምመርጠው። እንዲህ ሲሆን የሚቀር ሰው አይኖርም።

ሳልመን የሚለው ነገር ወደ ቤታችን የገባው በልጆቹ ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኤሚሊ ማሪኮ የምትባል አሜሪካዊት ከትናንት የተረፈ ሳልመንና ሩዝ ሳህን ላይ አድርጋ፣ በሹካ ፈርፍራ፣ ሩዙ ላይ አንድ በረዶ አስቀምጣ፣ በወረቀት ከድና፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ስታሞቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ አውጥታ ነበር። ከዚያ አኩሪ አተር ሶስ፣ ማዮኔዝና የሚያቃጥል ሶስ ጨምራ፣ ከአቮካዶ ጋር፣ ኖሪ በሚባለው የደረቀ የባሕር አልጌ ቆንጠር እያደረገች ትበላዋለች። ዓለምን ያዳረሰ ቪዲዮ ነው፤ እኛ ጋ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ልጆቹን የገረማቸው በረዶው ነበር፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ገብቶ እንዴት አይቀልጥም ብለው። ምክንያቱ ማይክሮዌቭ ፈሳሽ ውሃን እንጂ በረዶን ብዙም ስለማያሞቅ ነው። ሩዙ ውስጥ ያለው ውሃ ይሞቃል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ በረዶው ላይ የተከደነው ወረቀት ደግሞ እንፋሎቱን መልሶ ሩዙ ላይ ያስቀረዋል። ማይክሮዌቭ ለሌለን ሰዎች ያው ሥራ በድስት ይሠራል፤ ሩዙ ላይ ትንሽ ውሃ ረጨት አድርጎ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ በጣም በቀዘቀዘ እሳት ላይ ጥቂት ደቂቃ መተው ነው።

እኔን ግን ሌላ ነገር ነው የሳበኝ። ሴትዮዋ ሹካውን ትታ በቅጠል ቆንጥራ ነው የምትበላው። ይሄማ የኛ እጅ የሚያውቀው ሥራ ነው! በአንድ እጅ ጠቅልሎ መጉረስ ለኢትዮጵያዊ ማን ያስተምረዋል? ከዚያ ቀን በኋላ ሐሳቤ ሁሉ ይሄ ነገር በአንድ ትሪ ለግቢው ሁሉ እንዴት ይቅረብ የሚለው ሆነ።

ስለ ሳልመኑ መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ከባዱ እሱ ነውና።

ጅማ ሱቆች ውስጥ የታሸገ ቱና ታገኛላችሁ። ሳልመን ግን ማግኘት ዕድል ነው። በረዶ የሠራው ሳልመን የሚገኘው አዲስ አበባ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ ነው፣ ዋጋውም ቀልድ አይደለም። እኔ የማስመጣው እህቴን አስቸግሬ ነው። አዲስ አበባ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት የወጣ መኪና ከሰዓት ላይ ይገባል። አሳው እንደ ድንጋይ የደረቀ በረዶ ሆኖ ከፍሪጅ ሲወጣ ወዲያው በፌስታል፣ ከዚያ በብዙ ጋዜጣ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ክዳን ባለው የፎም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ ውስጥ ባዶ ቦታ እንዳይቀር። ክፍተቱን በጋዜጣ ሙሉት። ጅማ ሲደርስ መሐሉ ገና በረዶ ከሆነ መልሳችሁ ፍሪዘር ውስጥ ልታስገቡት ትችላላችሁ። ለስልሶ ከደረሰ ግን በዚያው ቀን ነው የሚሠራው፤ እንግዳው ነገ ከሆነ እንግዳውን ወደ ዛሬ ማምጣት ነው እንጂ አሳውን መልሶ ማቀዝቀዝ አይሆንም።

የታሸገውም አይናቅ። የታሸገ ሳልመን ብዙውን ጊዜ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚጠመደው ዓይነት ነው፤ ውስጡ ያገኛችሁት ትንንሽ አጥንት ሲታሸግ በሙቀት ስለሚበስል በጣት ይፈርሳል፣ ይበላልም፣ ካልሲየም አለው። ፈሳሹን አንጠፍጥፎ፣ በሎሚና በደቀቀ ቀይ ሽንኩርት ማሸት በቂ ነው። መብራት በጠፋበት ቀን ከዚህ የተሻለ የለም።

በረዶ የሆነው ግን ከማታ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቅለጥ። ውጪ አታስቀምጡት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥም አትንከሩት። ጠዋት አውጥታችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ከዚያ በጣታችሁ ስጋውን ከራስጌ ወደ ጭራ ዳሰስ አድርጉ፤ የሚወጋ ቀጭን አጥንት ካለ በወረንጦ፣ ወደተኛበት አቅጣጫ ሳብ አድርጋችሁ አውጡ። ይሄን ነገር አትዝለሉት። ትሪው ላይ ሕፃናትና አዛውንት አሉ፣ ጥቅል ደግሞ ውስጡ አይታይም፤ እንጀራ ላይ ያለ የአሳ አጥንት በዓይን ይለያል፣ በቅጠል የተጠቀለለውን ግን የሚያገኘው ጉሮሮ ነው።

ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሳችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት። መጥበሻው ላይ ትንሽ ዘይት፣ እሳቱ መካከለኛ፣ ቆዳው ወደ ታች። ሳልመን ራሱ ብዙ ስብ አለው፤ የእርባታው ሳልመን በ100 ግራም ውስጥ 13 ግራም ገደማ ስብ ይኖረዋል፣ ቆሮሶ ግን 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዘይት አታብዙበት። ሲበስል ከታች ወደ ላይ ቀለሙ እየነጣ ሲሄድ ከጎኑ ታዩታላችሁ። ነጭ እርጎ የሚመስል ነገር ላዩ ላይ ብቅ ብቅ ካለ እሱ ፕሮቲን ነው፣ አይጎዳም፣ ግን እሳቱ በርትቷል ማለት ነውና ቀንሱ። ቴርሞሜትር ያለው ሰው መሐሉ 63 ዲግሪ ሲደርስ ያውጣው። የሌለው በሹካ ይንካው፤ በቀላሉ ተገንጥሎ ከለቀቀ ደርሷል።

አንድ ጎረምሳ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው፣ መጥበሻው አጠገብ ቆሞ "ቁርጥ እንበላ የለ እንዴ፣ ይሄን ለምን ጥሬውን አንበላም? ጃፓኖች ይበሉት የለ?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጃፓኖች ሳልመንን ድሮ ጥሬውን አይበሉም ነበር፤ ከባሕር የሚያጠምዱት ሳልመን ጥገኛ ትል ስለሚኖረው አብስለው ወይም በጨው አድርገው ነበር የሚበሉት። ጥሬውን ሱሺ ላይ ማድረግ የተለመደው ኖርዌዮች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የእርባታ ሳልመናቸውን ጃፓን ውስጥ ለመሸጥ ብዙ ከሠሩ በኋላ ነው። ጥሬ የሚበላ አሳም ቢሆን አስቀድሞ በከባድ ቅዝቃዜ ይቆያል፤ አሜሪካኖቹ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን ነው የሚሉት። የቤት ፍሪጅ ደግሞ ሁልጊዜ እዚያ አይደርስም፣ መብራትም ይሄዳል ይመጣል። 350 ኪሎ ሜትር በሳጥን የተጓዘ አሳ ጥሬውን አይበላም። አብስሉት። ልጁም ሰማኝ፣ ከዚያ ቀለሙ ለምን ብርቱካንማ ሆነ ብሎ ሌላ ጥያቄ አመጣ። እሱም አስታዛንቲን ከሚባል ነገር ነው፤ ሳልመኑ ባሕር ውስጥ ከሚበላቸው ሽሪምፕን ከመሳሰሉ ትንንሽ ፍጥረታት ያገኘዋል፣ እርባታ ውስጥ ሲሆን ደግሞ በመኖው ይጨመርለታል።

አሁን ሩዙ። እዚህ ላይ ዝም ብዬ አላልፍም፣ ምክንያቱም ጥቅሉ የሚበተነውም የሚያምረውም በሩዙ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ረጅምና ቀጭኑን ባስማቲ አትግዙ። እሱ ፍሬ በፍሬ ተለያይቶ እንዲቆም የሚፈለግ ሩዝ ነው፣ ለፒላው ይሁንላችሁ። ለዚህ የሚሆነው አጭርና ወፍራሙ ነው፤ ሲበስል እርስ በርሱ ይያያዛል። የጃፓን ሩዝ ፍለጋ መባዘን ግን አያስፈልግም። ጣና ዳር ፎገራ የሚመረተው የሀገራችን ሩዝ ውስጥ አጭሩና ድቡልቡሉ ዓይነት ለዚህ ሥራ ይሆናል። ብዙ ሰው ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ለእንጀራ ነው የሚያውቀው። ወደኛ አቅጣጫ ጉራፈርዳም ሩዝ ይመረታል። ገበያ ላይ ስታገኙት ዘግናችሁ ዓይኑን እዩት፣ ጠጠሩን ልቀሙ፣ ከዚያ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ እጠቡት።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። ለዚህ ነው ከውጭ የተጻፈን የሩዝ አሠራር ቃል በቃል ስትከተሉ ሩዙ መሐሉ ጥሬ የሚሆነው። ፓኬቱ ላይ 12 ደቂቃ ቢል እናንተ 18 ያዙ፣ ውሃውንም ትንሽ ከፍ አድርጉት። እኔ ለ3 ኩባያ ሩዝ 4 ኩባያ ውሃ ነው የማደርገው። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ፣ ክዳኑን ግጥም፣ እስኪያልቅ መክፈት የለም። ከእሳት ካወረዳችሁት በኋላም እንደተከደነ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ።

ከዚያ አቼቶው። ለዚሁ 3 ኩባያ ሩዝ 3 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ 2 ማንኪያ ውሃ፣ 3 ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው። ውሃ የጨመርኩት የኛ ነጩ አቼቶ ከጃፓኖቹ የሩዝ አቼቶ ስለሚበረታ ነው። ሞቅ አድርጋችሁ ስኳሩ ይሟሟ፣ ከዚያ ሩዙ ገና ትኩስ ሳለ አፍሱበትና በእንጨት ማንኪያ ከታች ወደ ላይ እያነሳችሁ ቀላቅሉ። ማማሰል አይደለም፣ ገንፎ ይሆናል። ትኩስ ካልሆነ አቼቶው አይገባበትም፣ ከላይ ብቻ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ሰፊ ትሪ ላይ አውጥታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ለብ ይበል።

በእንዲህ ያለ አሠራር ውስጥ የሚገቡ ሁለት ነገሮችን እኔ አልገዛም። አንዱ ሚሪን ነው፣ የጃፓኖች ጣፋጭ የሩዝ ወይን፤ አልኮል ስላለው ለዚህ ትሪ ጭራሽ አይሆንም። ሁለተኛው አኩሪ አተር ሶስ ነው። አኩሪ አተር ሶስ በማብላላት ስለሚሠራ ትንሽ አልኮል ሊኖረው ይችላል፣ የሚጨመርበትም አለ። ችግር የለውም የሚሉ ሙስሊሞች አሉ፣ የማይቀምሱም አሉ። እንግዳን ትሪ ላይ አስቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር ማስመርመር ደግ አይደለም። የራሴን ነው የምሠራው። የጅማ ማር፣ ሎሚ፣ የተፈጨ ዝንጅብል፣ ጨው፣ የተቆላ ሰሊጥ። ይሄ ቅቤም የለው፣ ክርክርም የለው። ሌላ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ደግሞ ማዮኔዝ በሎሚ፣ ሌላው ላይ ቆጭቆጫ። ቆጭቆጫውን ለብቻ ማድረግ የግድ ነው፣ ልጆች አሉ።

መጥበሻውንና ድስቱንም ነገር ልናገር። አሳው ራሱ ንጹሕ ቢሆንም የተጠበሰበት መጥበሻ ትናንት ስጋ የተጠበሰበት ከሆነ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ለአሳ ብቻ የያዝኩት መጥበሻ አለ፣ ስጋ ነክቶት አያውቅም። ጎረቤቶቼም ያውቃሉ። ይሄን ከእናቴ ድስት ነው የወሰድኩት።

መጠቅለያው ላይ ብዙ አስቤያለሁ። ኖሪ ጥሩ ነገር ነው፣ ከተገኘ። ግን ጅማ ዝናብና እርጥበት የማይለያት ከተማ ናት። ኖሪ ደግሞ አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ይስባል፤ ከተከፈተ በኋላ ውሎ ሳያድር ይልፈሰፈስና እንደ ቆዳ ይጎተታል። የታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡት፣ ሊበላ ሲል ደግሞ እሳት ላይ ቶሎ ቶሎ አሳልፉት። አሥር ሰው ለሚበላበት ትሪ ግን ውድ ነው።

እንጀራስ? እንጀራን ሞክረው የሚወዱት አሉ። እኔ አልመርጠውም፤ እንጀራ የራሱ ኮምጣጣነት አለው፣ ሩዙም አቼቶ አለው፣ ሁለት ኮምጣጣ ሳልመኑን ይሸፍኑታል። በእንጀራ የምታደርጉ ከሆነ ሩዙ ላይ አቼቶውን ተዉት። ስስ ቂጣ ደህና ነው፣ ግን ከሩዝ ጋር ሆዱን ይሞላና ሰው ሦስት ጉርሶ ያቆማል።

ጎመን! መልሱ ደጃችን ላይ ነበር። የኛ የሐበሻ ጎመን፣ ሰፊ ቅጠሉ፣ ጅማ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ የሚተክለው። ሰፋፊውንና ያልጠነከረውን ምረጡ። መሐሉ ላይ ያለውን ወፍራም አጥንት በቢላ አውጡት፤ አንዱ ቅጠል ሁለት ይሆናል። የፈላ ውሃ ላይ ጨው ጨምራችሁ ቅጠሉን አንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ንከሩት። አረንጓዴው ደመቅ ሲል አውጡና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። ካልቀዘቀዘ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥልና ቀለሙ ይጠፋል። ከዚያ በጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። ይለሰልሳል፣ አይቀደድም፣ እጅ ላይ አይጣበቅም። ጣዕሙም የሳልመኑን ስብ ይቆርጥለታል። እኔ በበኩሌ ከኖሪው ይልቅ ይሄን እወዳለሁ፤ ኖሪ ስለጠፋ የተደረገ ምትክ አድርጌም አላየውም።

አጠቃለሉ ቀላል ነው። ቅጠሉን ዘርጉ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ሩዝ፣ ላዩ ላይ የተገነጠለ ሳልመን፣ አንድ ቁራጭ አቮካዶ፣ ቀጠን ብሎ የተቆረጠ ኪያርና ካሮት። ከታች አጥፉ፣ ከጎንና ከጎን አስገቡ፣ ጠቅልሉ። አቮካዶ ላይ ጅማን የሚያማት የለም፤ ወቅቱ ሲሆን መንገድ ዳር ተቆልሎ ነው የሚሸጠው። ብቻ ቀድማችሁ አትቁረጡት፣ ይጠቁራል፤ ከቆረጣችሁም ሎሚ አድርጉበት። በዚህ መጠን 3 ኩባያ ሩዝና 1 ኪሎ ሳልመን 60 ገደማ ጥቅል ይሆናል፣ 30 የጎመን ቅጠል ይፈልጋል። አሥር ሰው ጠግቦ ይነሳል።

ትንሽ አድርጌ የምጠቀልለው አውቄ ነው። ሌሎች ቪዲዮዎች ላይ የሚታየው ጥቅል ትልቅ ስለሆነ አንድ ሰው በሁለት እጁ ይዞ ለብቻው ነው የሚበላው። የኛ ትሪ ላይ ግን ሰው ለሰው ያጎርሳል። ለጉርሻ የማይሆን ጥቅል ምን ይሠራል? አንድ አፍ የሚሞላ፣ ከዚያ የማያልፍ።

ግቢያችን ውስጥ ሁሉም የሚያከብሯቸው አንድ እናት አሉ፣ ሐጅ ያደረጉ ናቸው። መጀመሪያ ትሪውን ሲያዩ "ልጄ፣ ሩዝ በስኳር ደግሞ ምን የሚሉት ነው?" ብለው ነበር። ቀምሰው ግን ዝም አላሉም፤ አሳው ጥሩ እንደሆነ፣ ሩዙ ላይ ስኳሩ እንዲቀነስ፣ ቆጭቆጫው ውስጥ ኮረሪማ እንዲገባ ነገሩኝ። ኮረሪማው ትክክል ናቸው፣ ከዚያ ወዲህ እጨምራለሁ። ስኳሩን ግን አልቀነስኩም፣ ለልጆቹ ስል፤ ለሳቸው የሚሆነውን ሩዝ ከአቼቶው በፊት ለብቻ አወጣላቸዋለሁ። ከጎናቸው የተቀመጡት የእኔ አክስት፣ ሰንበቴ የማይቀርባቸው ሴት፣ አንድ ጠቅልለው ለሐጂያ አጎረሷቸው። ሐጂያም መልሰው አጎረሷቸው። እነዚህ ሁለት ሴቶች በአንድ ግቢ ስንት ዘመን የኖሩ ናቸው፤ ከአንድ ሳህን ላይ ሽሮ ተጎራርሰው ያውቃሉ፣ የእንግዳ ምግብ የተባለውን ግን እኔ እስከማውቀው አብረው በልተው አያውቁም። ይሄን ለማየት ከሆነ እህቴን በሳጥን ማስቸገሬ አይቆጨኝም።

በረመዳን ደግሞ አንድ ትሪ ጠቅልዬ ለማፍጠሪያ እልካለሁ። ሾርባውና ሳምቡሳው መሐል ቀዝቃዛ ነገር ሲኖር ደስ ይላቸዋል። ለዚያ ስሠራ ማዮኔዙን ውስጡ አላደርግም፣ በብልቃጥ ለብቻ ነው የምልከው፤ አዛን እስኪል ድረስ መቆየቱ አይቀርምና።

ሳልመን ለማይገኝለት ሰው፦ ግልገል ጊቤ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ግድብ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ላይ፣ በአሰንዳቦና ዴኔባ በኩል ነው። ከሐይቁ ቆሮሶ ይወጣል። ትኩስ ነው፣ የሀገር ነው፣ ዋጋውም ሰው የሚችለው ነው። ከሳልመን የሚለየው ስብ ስለሌለው ቶሎ መድረቁ ነው። ስለዚህ ፊሌቶውን በዘይት፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ለውሳችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ እሳቱን ጠንከር አድርጋችሁ በአጭር ጊዜ ጥበሱት፣ ሲጠቀለልም ማዮኔዙን ትንሽ ጨመር አድርጉለት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ግቢያችን ውስጥ የቆሮሶውን ከሳልመኑ የሚያስበልጡ አሉ። ይሄንንም ጥሬውን መብላት የለም፤ የሐይቅና የወንዝ አሳ ጥገኛ ትሉ ሌላ ነው።

ከትሪው ከተረፈ፣ የተጠበሰው ሳልመን ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ያድራል፣ ጠዋት ከእንቁላል ጋር ይጠበሳል፣ በጣም ይጣፍጣል። ሩዙ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ዘሩ ሩዝ ሲበስል አይሞትም፤ ሩዙ ውጪ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ይራባና ሆድ የሚያውክ መርዝ ይሠራል፣ ያ መርዝ ደግሞ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም። አቼቶ የገባበት ትንሽ ይሻላል እንጂ ዋስትና አይደለም። እንግዳው እንደተነሳ ወዲያው ሳሳ አድርጋችሁ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙትና ፍሪጅ ይግባ፣ በማግስቱ ይለቅ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ካደረ ደግሞ አታቅማሙ፣ ድፉት።